ዘጠነኛው መደብ

እኛ ሰፈር አንድ በሬ ለስምንት ቤት ነው። ይህን የሰማሁት ሶዶ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ በትክክል እስኪገባኝ ግን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አንድ ነገር ሲገባኝ ለሌላ ሰው ካላስረዳሁት የገባኝ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። መስከረም ከተጋመሰ በኋላ በሚውል እሑድ ይከበራል። ለዚያ ቀን ጎረቤታሞች ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እያጠራቀሙ በጋራ በሬ ይገዛሉ። በሬውን አርዶ መከፋፈል ቅርጫ ይባላል፤ ለአንድ ቤት የሚደርሰው የሥጋ ክምር ደግሞ መደብ። ቅርጫ ባደግሁበት በደብረ ብርሃንም አለ። እዚያ ግን በዓል ሲደርስ ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል እየተባለ በዋዜማው የሚሰባሰብ ነገር ነው፤ ለፋሲካ አብሯችሁ የተካፈለ ሰው ለገና ከሌላ ቡድን ጋር ልታገኙት ትችላላችሁ። የሶዶው ሰፈሬ እንዲህ አይደለም። ስምንቱ ቤቶች ከዓመት ዓመት ያው ስምንቱ ናቸው። አባት ሲሞት መደቡን ልጅ ያነሣል፤ ልጅ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሲሄድ እናቱ ታነሣለች።

እኔ ከስምንቱ አንዷ አልነበርኩም። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ባላቸው የሞቱባቸው ሴት፣ ከስምንቱ አንዷ ናቸው። የእኔ ክፍል ከግቢያቸው ጀርባ ነው፤ በር አለው፣ መስኮት አለው፣ ቁልፉ በእኔ እጅ ነው፤ ነገር ግን በሰፈሩ ቆጠራ ቤት አይባልም።

በመጀመሪያው ዓመት መስቀልን ከእናቴ ጋር ለማሳለፍ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ትምህርት ስለተጀመረ እዚሁ ቀረሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሳህን ተላከልኝ። ከእትዬ ቤት፣ ከማዶው ቤት፣ ከጥጉ ቤት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳህን በአንድ ጊዜ ይመጣል። ሁሉም ምርጥ ምርጡን ነው የሚልከው፤ ከሽንጡ፣ ከፍሪምባው፣ ከጎኑ ደግሞ ዓይን የሚያስለቅስ ዳጣና በቅቤ የራሰ የቆጮ ሙቹዋ። በልቼ አመሰገንኩ። በመስኮቴ ግን ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። ወንዶቹ ገመድ ይዘው «ሳብ»፣ «አይ ልቀቅ» እየተባባሉ ይከራከራሉ። ሴቶቹ ቧንቧው ሥር ጨጓራ እያጠቡ ውኃ ይረጫጫሉ፤ በወላይትኛ አንድ ነገር ይባልና ሁሉም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔን ማንም ነይ አላለኝም። ንቀት አልነበረም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ጨጓራ እጠቢ ተብሎ እንግዳ አይጠራም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ተፈጠረብኝ። ሰው ከሳህን ወደ መደብ የሚሻገረው እንዴት ነው? በዓመት ብዛት ነው? ቋንቋ በማወቅ ነው? በጋብቻ ነው? ደንቡን ማወቅ ፈለግሁ፤ ደንብ የሌለው ነገር አለ ብዬ ስለማላምን።

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ትንሽ ፋታ በሰጠበት አንድ ጠዋት፣ እትዬን ጠየቅኋቸው።

«ለዘንድሮው ጊፋታ እኔም መደብ ቢኖረኝ እፈልጋለሁ።»

ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ።

«አንድ ራስሽን ነሽ። መደብ ምን ያደርግልሻል? ያን ሁሉ ሥጋ ማን ይበላልሻል? እኔ አልክልሽ የለም እንዴ?»

«ይልኩልኛል። እሱን አይደለም ያልኩት።»

«ታዲያ ምኑን ነው?»

ምኑን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። ለእኔ ይህ ብርቅ ነው። እትዬ ጎመናቸውን አስቀመጡና፣ «እንግዲያው አዋን ጠይቂ፤ የሚቆርጠው እሱ ነው» አሉኝ።

አዋ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ይህን ስም ሁሉም ሰው የሚሰጠው ለአንድ ሽማግሌ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ ነበሩ፤ አሁን የሚሠሩት ደስ ሲላቸው ብቻ ነው፤ በረንዳቸው ግን ዛሬም የጣውላ ፍርፋሪ አያጣም። የሰፈሩን በሬ የሚያርዱት ሌሎች ናቸው፤ የሚከፋፍሉት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ከእኔ ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ነው፤ ለሴትም ለወንድም በአንድ ዓይነት «አንተ» ይናገራሉ። በመጀመሪያው ዓመት «አንቺ» ብዬ አርሜያቸው ነበር። «እሺ ቲቸር፣ ገብቶኛል፤ ተቀመጥ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ተውኩት።

«አዋ፣ ዘንድሮ እኔም ልግባ» አልኳቸው።

«የት?»

«ቅርጫው ውስጥ።»

የያዙትን እንጨት በአንድ ዓይናቸው እያዩ፣ «ሞልቷል» አሉ።

«አንድ ቤት ቢጨመር ምን ይሆናል? በሬው እንደሆነ ያው በሬ ነው።»

«በሬው ያው ነው። እጄ ነው ያው የማይሆነው።»

ሰበብ መሰለኝ። አትገቢም ለማለት ጨዋ ሰው የሚያዘጋጀው ዓይነት ሰበብ። ፊቴ ላይ አይተውብኝ መሰለኝ እንጨቱን አስቀምጠው ያስረዱኝ ጀመር፤ ማስረዳት የሚወድ ሰው ደግሞ ሌላው ሲያስረዳ ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዋ ሥጋ የሚከፍሉት በግማሽ ነው። እያንዳንዱን ብልት ለሁለት ይቆርጣሉ፤ አንዱን በቀኝ መዳፍ፣ ሌላውን በግራ መዳፍ ይይዛሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይመዝናሉ። ካልተካከለ ከከበደው ላይ ትንሽ ይቀንሳሉ። ከዚያ ግማሹን ለሁለት፣ ሩቡን እንደገና ለሁለት። ስምንት ሆነ ማለት ነው። ከጉበት እስከ ምላስ፣ ከጎድን እስከ ወርች፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ያልፋል፤ ስለዚህ ሁሉም መደብ ውስጥ ከሁሉም ነገር አለ። አርባ ዓመት ሲሠሩት ኖረዋል። ስምንቱ ቤቶች ስምንት የሆኑት በፍቅር ብዛት ወይም በዝምድና ብቻ አይደለም። ሁለትን ሁለት ጊዜ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ስትወስዱት ስምንት ስለሚሆን ነው።

ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ለሦስት ዓመት እንግድነቴን የደንብ ጉዳይ ነው ብዬ ሳስብ፣ ለካ የማካፈል ጉዳይ ኖሯል።

«ቀላል ነው!» አልኩ። ጠመኔ ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ጣውላው ላይ ጻፍኩላቸው። «ዘጠኝ ማለት ሦስት ጊዜ ሦስት ነው። መጀመሪያ ለሦስት ይቆርጡታል፤ ከዚያ እያንዳንዱን እንደገና ለሦስት።»

ጽሑፉን ረጋ ብለው አዩት።

«ጠመኔ ሥጋ ይቆርጣል?»

ባለቤታቸው ከጓዳ ዱባ አመጡልን። አዋ ለሦስት ቆረጡት። ሦስቱም ቁራጭ የተለያየ መጠን ነበረው። ሁለቱን በሁለት መዳፋቸው ያዙ፤ ሦስተኛው መሬት ላይ ቀረ። አንዱን አስቀምጠው ሦስተኛውን አነሡ፤ የመጀመሪያው ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ጠፋባቸው።

«አየህ? ሰው ያለው ሁለት እጅ ነው።»

«ሚዛን እናመጣለን። ከሱቅ እንዋሳለን።»

ይህን ስል ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፉ፤ ጥፋት እንደተናገርኩ ያኔ ገባኝ። አዋ ግን አልተቆጡም።

«ሚዛን ለሚሸጥ ሰው ነው። እኛ ልንሻሻጥ ነው?»

ዱባውን መልሰው ገጣጥመው አዩት፤ እንደተሰበረ ዕቃ። ከዚያ የማልጠብቀውን ነገር ተናገሩ።

«እጅ ይማራል። ላስተምረው እችላለሁ። ግን ለአንድ ዓመት ብዬ አላስተምረውም፤ አንድ ጊዜ ሦስት ከለመደ ሁለት ይጠፋበታል። የሚመጣው ዓመትስ አለህ?»

ይህን ጥያቄ ለሦስት ዓመት ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ መልሴም አንድ ነበር፤ «ዝውውሬ ካልመጣ አለሁ»። በየዓመቱ ከክልል ክልል የዝውውር ቅጽ እሞላለሁ፤ በየዓመቱ ውጤት እጠብቃለሁ። ያን መልስ ለአዋ መስጠት ግን አልቻልኩም። ሰውየው እጃቸውን ሊቀይሩ ነው የጠየቁኝ።

«ላስብበት» አልኩ።

«አስብ። በሬው ገና አልተገዛም።»

ማሰብ ሲባል እኔ ጋ ደብተር ማውጣት ማለት ነው። በአንድ ገጽ አናት ላይ፣ «አንድ ከተማ የሰው አገር መሆኑን የሚተወው መቼ ነው?» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርኩ። ዝናብ ከዳሞታ ተራራ ሲወርድ ጭቃ የማይዘው መንገድ የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። የትኛው የባጃጅ ሾፌር ሳይሞላ እንደማይንቀሳቀስ አውቃለሁ። በወላይትኛ ሰላም እላለሁ፣ እገዛለሁ፣ ተማሪ እቆጣለሁ። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ብዙ የቆየ እንግዳም ሊያውቀው ይችላል። ሰረዝኩት።

በዚያው ሳምንት ለሁለት ቀን ሥልጠና አረካ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች፣ ለሥራ የመጣች ሴት ስለ መንገዱ ማማት ጀመረች። ጉድጓዱ፣ ጭቃው፣ ሾፌሩ፣ የተሳፋሪው ብዛት። ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ ራሴ በየጊዜው እለዋለሁ። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ደሜ ፈላ። «ክረምት ስለሆነ ነው እንጂ በጋ ላይ ብታዪው» አልኳት። በጋ ላይም ያው ነው። ለምን እንደዋሸሁ ገርሞኝ ቤት እንደገባሁ ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፤ ይህኛውን አልሰረዝኩም።

ከዚያ ሐጂን ጠየቅሁ። ሐጂ በዋናው መንገድ ላይ ስኳርና ዘይት፣ ደብተርና እስክርቢቶ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸው ከስልጤ ነው የመጡት። ለክፍሌ ጠመኔ የምገዛው ከእሳቸው ነው። የሰው አገር ሰው ስለሆኑ መልስ አያጡም ብዬ ነበር።

«ሐጂ፣ እርስዎ የዚህ አገር ሰው ነኝ ብለው ያመኑት መቼ ነው?»

«የሌላ አገር ሰው ነህ ያለኝ አለ እንዴ?» አሉና ሣቁ። ካርቶን እየፈቱ ነበር፤ እጃቸውን አላቆሙም። «ለምንድነው የጠየቅሽኝ? ሊያዛውሩሽ ነው?»

ነገሩን ነገርኳቸው። ስለ ቅርጫው ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸው የሙስሊሞቹ ቅርጫ ውስጥ ናቸው።

«እኔ እንጃ፣ ቀኑን አላውቀውም» አሉ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አባቴ የታመመ ጊዜ ዘመድ ሁሉ ከላይ አገር መጣ። ሞተ፤ አጠብነው፣ ወሰድነው፣ እዚህ ቀበርነው። ከሳምንት በኋላ ሱቅ ከፍቼ ቁጭ ብዬ ነው፣ የት ይቀበር ብሎ የጠየቀ ሰው እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ወንድሞቹ አልጠየቁም። እኔም አልጠየቅኩም። እንዴት ረሳሁት ብዬ ደነገጥኩ።»

«ደነገጡ?»

«ደነገጥኩ እንጂ። እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል? ስንት ጠመኔ ነው?»

ሁለት ፓኬት ገዝቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ የሐጂን ነገር ሳሰላስል፣ ለአዋ መልስ ከመስጠቴ በፊት ማረጋገጥ ያለብኝ አንድ ተጨባጭ ጉዳይ እንዳለ ታወሰኝ፤ የዝውውሩ። የዘንድሮው ውጤት መውጫው ደርሷል። ከመጣልኝ ምን ልል ነው? አለሁ ብዬ ቃል ገብቼ መስከረም ላይ ልሄድ ነው? በማግስቱ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ማኅደሬን አወጣች። ገለበጠች፤ እንደገና ከኋላ ወደ ፊት ገለበጠች።

«የካቻምናው አለ። የአምናው አለ። የዘንድሮው የለም።»

«ጠፍቶ ይሆናላ» አልኩ፤ ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«እኛ ጋ ከጠፋ ማኅደሩ በሙሉ ነው የሚጠፋው፤ አንድ ወረቀት መርጦ አይጠፋም» አለችኝ። «መቼ ነው ያስገባሽው?»

«ግንቦት።»

«ለማን?»

ለማን እንደሰጠሁ አላስታውስም። እኔ ወረቀት የማልረሳ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ የማን ቅጽ መቼ እንደሚያበቃ ለሌሎች መምህራን የማስታውሰው እኔ ነኝ። ቤት ሄጄ ክላሰሮቼን አወረድኩ። ሦስት ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ «የሚሠራ»፣ «የሚጠበቅ»፣ «ያለቀ» የሚል ተጽፎባቸዋል። «የሚሠራ» ውስጥ የለም። «የሚጠበቅ» ውስጥ የአምናውና የካቻምናው ቅጂ አለ። ቅጹን ያገኘሁት «ያለቀ» ውስጥ፣ በቤት ኪራይ ውልና በተዘጋ የቁጥጥር ሪፖርት መካከል ነው። ባዶ ነበር። ስሜ እንኳን አልተጻፈበትም።

አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ግንቦት ላይ ምን እሠራ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ፈተና አወጣ ነበር፤ የእትዬ ላም ወልዳ ሌሊት እየተነሣን እናያት ነበር፤ ለክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ፕሮግራም እያዘጋጀሁ ነበር። ቅጹን የተቀበልኩበትን ቀን ግን ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም። አንድ ቀን እነዚህ እጆቼ ያልተሞላ ወረቀት ወስደው ካለቀ ነገር ጋር አስቀምጠውታል፤ እኔን አላማከሩኝም። ሐጂ ለምን እንደደነገጡ ገባኝ። ስለራስ አዲስ ነገር ማወቅ ያስደስታል ይባላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ ቀጥ ባለ መስመር የጻፍኩት ሒሳብ መልሱ ሌላ ሆኖ ሳገኘው የሚሰማኝ ዓይነት ነው። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? ከዚያ መስመሩን እንደገና ስሄድበት ስሕተት የለበትም፤ መልሱ ነው አስቀድሞ የወጣው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አዋ ዘንድ ሄድኩ።

«የሚመጣው ዓመት አለሁ።»

«ከሱ ቀጥሎስ?»

«ከሱ ቀጥሎም።»

«እሺ» አሉ። ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ መጋዛቸውን አንሥተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ትንሽ ቅር አለኝ፤ እንዲያው አንድ ነገር ይባላል ብዬ ጠብቄ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለእናቴ ደወልኩ። «ለመስቀል አትመጪም?» አለችኝ። ለገና እንደምመጣ ነገርኳት። «እዚያ ከማን ጋር ልታሳልፊ ነው?» አለች። «ከስምንት ቤት ጋር» አልኳት። «ብዙ ነው፤ እንዳይሰለቹሽ» አለችኝ።

የአዋ «እሺ» ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያወቅኩት በሚቀጥሉት ሳምንታት ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ማስተማር ጀመሩ። ያገኙትን ሁሉ ለሦስት ይቆርጣሉ። ዳቦ ለሦስት፣ ቦይና የሚሉት ጎደሬ ለሦስት፣ ሳሙና ለሦስት። ባለቤታቸው ቧንቧው ጋ አግኝተውኝ ስሞታ አቀረቡ። «ለሁለት ሰው ቁርስ ሳቀርብ ሦስት ቁራጭ ነው የሚመጣልኝ። ሦስተኛውን ለማን ነው የምሰጠው? ላንቺ ልላክልሽ?» እሳቸው እያሾፉ ነው፤ እኔ ግን አፈርኩ።

አንድ ቅዳሜ አዋ አስጠሩኝ። በረንዳው ላይ ሦስት ቁራጭ ዱባ ተደርድሯል፤ ከሩቅ ሲታዩ እኩል ናቸው።

«ቢላው ለምዷል» አሉኝ። «መዳፉ ነው ያልሆነው። ሁለቱን ስይዝ ሦስተኛው ይርቃል። ስለዚህ ሦስተኛው እጅ ያንተ ይሁን።»

ያኔ አስተማሪና ተማሪ ቦታ ተለዋወጥን። እሳቸው ሁለቱን ቁራጭ ይይዛሉ፤ እኔ ሦስተኛውን። ከዚያ እንቀያየራለን፤ የእኔ ወደ እሳቸው፣ የእሳቸው ወደ እኔ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በሁለታችንም መዳፍ እስኪያልፍ። ሒሳቡን ላስረዳቸው ብዬ ነበር፤ አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው እኩል ከሆነ ብዬ ስጀምር፣ «ዝም በል፤ ሥጋ ሲያወሩበት አይሰማም» አሉኝ። መጀመሪያ የያዝኩትን ሁሉ «እኩል ነው» እል ነበር።

«ትቸኩላለህ» አሉኝ። «ክንድህ መጀመሪያ ይወርዳል፤ ከዚያ ይቆማል። ሲቆም ነው የምትናገረው።»

ክንዴ እንደሚወርድ አላውቅም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ፤ እውነትም ወረደ፣ ቆመ። ለአንድ ጣት የማይሞላ ልዩነት ታወቀኝ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ሁለት መጽሐፍ፣ ሁለት ኩባያ፣ ሁለት ጫማ ስመዝን አመሸሁ። የግራ ጫማዬ ከቀኙ ይከብዳል።

በሬውን ሁለት ሰዎች ተበላ ከተማ ገበያ ሄደው ገዙት፤ ቀይ፣ ሻኛው ያዘነበለ በሬ። የጊፋታ ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት አዋ ቆመው ጸለዩ፤ ሌሎቹ አሜን ሲሉ እኔ አማተብኩ። ወንዶቹ ገመድ ያዙ፤ «ሳብ»፣ «አይ ልቀቅ» ተባባሉ። በሬው ከታረደ፣ ከተገፈፈና ከተበለተ በኋላ የእንሰት ቅጠል ተነጠፈ፤ ዘጠኝ ቦታ። አዋ ከቁራጮቹ መካከል ቆመው፣ «ቲቸር፣ ና» አሉኝ።

«ዛሬ ደግሞ ፈተና አለ?» አለ የማዶው ቤት አባወራ።

«ሪፖርት ካርድም እሰጣለሁ» አልኩት።

ሥጋ እንደ ዱባ አይደለም። ይሞቃል፤ ይንሸራተታል፤ ሽታው እጅ ላይ ይቀራል። ሽንጡን፣ ፍሪምባውን፣ ወርቹን፣ እያንዳንዱን ለሦስት፣ ከዚያ እንደገና ለሦስት እየቆረጥን አለፍን። ሰው መጀመሪያ ከቦ ያይ ነበር፤ ቆይቶ ሰለቸውና ወደየሥራው ሄደ። ረፋዱ አልፎ ክንዴ ሲዝል ጉበቱ ጋ ደረስን። ጉበት ለስላሳ ነው፤ መዳፍ ላይ ይተኛል፤ ክንድ ሳይቆም የቆመ ይመስላል። «እኩል» አልኩ። አዋ አዩኝ። «እኩል ነው» አልኩ። አስቀመጡት።

የዕጣው ሥርዓት አጭር ነው። ከየቤቱ አንዳንድ ምልክት ይሰበሰባል፤ እንጨት፣ ቁልፍ፣ ቅጠል፤ እኔ የእስክርቢቶ ክዳን ሰጠሁ። የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጠራና በየመደቡ ላይ አንዳንድ ያስቀምጣል። በዚያ ሲያልፍ የነበረ የባጃጅ ሾፌር ቆመልን፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘጠኙን አደለና ሄደ። የእኔ ክዳን ከጥጉ መደብ ላይ አረፈ። የእትዬ ቁልፍ ከጎኔ ካለው ላይ።

እትዬ መደባቸውን አገላበጡት። ጉበታቸውን አነሡና መዳፋቸው ላይ አሳረፉት። ከዚያ ዘንበል ብለው የእኔን ጉበት አነሡ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«ያንቺ ጉበት በእኔ ጉበት ላይ ወልዷል።»

ሰው ሳቀ። የማዶው አባወራ፣ «ለተማሪም እንዲህ ነው ማርክ የሚሰጠው?» አለ። አዋ አንገታቸውን አቀርቅረው ቢላቸውን ይጠርጋሉ፤ ሊያግዙኝ እንዳላሰቡ ያስታውቃል። ሁለቱን ጉበት ተቀብዬ መዘንኩ። ክንዴ ወረደ፣ ቆመ። እትዬ ልክ ነበሩ፤ የእኔ ይከብዳል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ምርጥ ምርጡን ሲልኩልኝ የኖሩ ሴት ናቸው። «እንቀይር» ማለት ከአፌ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ የእንግዳ ልማድ ነው። ግን ዕጣ ወድቋል፤ ዕጣ ከወደቀ በኋላ የሚቀይር ቤት በዚህ ሰፈር የለም፤ አንዱ ከቀየረ ሌላውም ይጠይቃል፤ ከዚያ ማን ያቆመዋል?

«ዕጣ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«ዕጣውን አላማሁም። እጁን ነው ያማሁት።»

ሥጋቸውን ሰብስበው ገቡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጨጓራ ሳጥብ ዋልኩ። ከመስኮት ሲታይ የነበረው ሳቅ አለ፤ ነገር ግን ውኃው እጅ ያደነዝዛል፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ሽታውም ስለ ምን እንደሚሳቅ ያስረሳል። የወላይትኛው ቀልድ ስለ ማን እንደሆነም ገባኝ። ስለ ጉበቱ ነበር።

አመሻሽ ላይ ክፍሌ ውስጥ ቆሜ የሥጋ ክምር ሳይ ሌላ ነገር ገባኝ። መደብ ለቤት ነው፤ ለእናት፣ ለአባት፣ ለልጆች። እኔ ያለኝ ለአንድ ሰው ሽሮ የሚበቃ ድስት ነው። አጥንቱ ብቻውን አይገባበትም። ግቢውን ተሻግሬ የእትዬን በር አንኳኳሁ። እሳት እያነደዱ ነበር፤ ዞር ብለው አላዩኝም።

«ትልቁን ድስት ፈልጌ ነበር።»

«መደብ የሚያነሣ ሰው ድስት የለውም?»

«ለከርሞ እገዛለሁ።»

እሳቱን አስተካከሉ፤ ክዳን አነሡ፤ መልሰው ከደኑ። ከዚያ ተነሥተው ሁለት ጆሮ ያለውን ድስት ከመደርደሪያው ላይ አወረዱና በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ፤ ከባድ ነበር።

«ለከርሞ» አሉኝ፣ «ጉበቱ ጋ ስትደርሱ እኔን ጥሩኝ። በመዳፌ የምይዘው እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ እጠራዎታለሁ።»

«አጥቢው ደግሞ ስትመልሺ። አምና ያዋስኳት ሴት ሳታጥብ ነው የመለሰችልኝ።»